ከአሰብ እስከ ምጽዋ ስንት ሰዓት ነው?
ስለ ርቀትና ስለ ጊዜ ሒሳብ

(በከሚሴ ከተማ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ ቀርቤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ርቀትና ጊዜ» የሚል ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ሒሳብ ስለሆነ፣ መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ሊነገርለት የሚገባ ቁም ነገር ያለው አይመስልም። እኔም በመጀመሪያ የመሰለኝ እንዲሁ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ እዚሁ ከሚሴ ውስጥ አንድ ተማሪ ያቀረበልኝ ጥያቄና ከጥያቄው በኋላ አንድ ሽማግሌ የተናገሩት ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ ስለ ምሕንድስና ሙያ ለተማሪዎች እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ንግግሬን ስጨርስ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሥቶ፣ «ከአሰብ እስከ ምጽዋ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለቱን የባሕር ዳርቻ ከተሞች ለምን እንደ መረጠ ስጠይቀው፣ አያቱ በጭነት መኪና ሾፌርነት በሁለቱም ወደቦች ሲመላለሱ እንደ ኖሩና የሰማው ወሬ ሁሉ ስለ እነርሱ እንደ ሆነ ነገረኝ። እኔም ጠመኔ አንሥቼ በሰሌዳው ላይ ሒሳቡን መሥራት ጀመርሁ። ሒሳቡን ለእናንተም ባጭሩ ልድገመው፤ የምናገረው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነውና።

አሰብ የምትገኘው በ13.01 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ42.74 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ምጽዋ ደግሞ በ15.61 ዲግሪ ሰሜንና በ39.45 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው የኬክሮስ ልዩነት 2.60 ዲግሪ፣ የኬንትሮሱ ልዩነት ደግሞ 3.29 ዲግሪ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በየትም ቦታ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ እየራቁ ወደ ዋልታ በሄዱ መጠን እየጠበበ ስለሚሄድ፣ በእነዚህ ወደቦች አካባቢ 108 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ሰሜን 289 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ምዕራብ 355 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተን፣ ደምረን፣ የድምሩን ዳግም ዘር ስንወስድ ውጤቱ 458 ኪሎ ሜትር ነው። የምድርን ክብነት በሚገባ የሚያስገባውን የሉል ቀመር ብንጠቀም 457 ይመጣል። በባሕር ማይል ስንለካው 247 ነው። ይህን ያህል አጭር በሆነ ርቀት ላይ የደረቀው የሦስት ማዕዘን ሒሳብና የሉሉ ሒሳብ የሚለያዩት በአንድ ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑን ተማሪው እንዲያስተውል ነገርሁት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመጓጓዣው ዓይነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረባቸው ሲ 47 የሚባሉት አውሮፕላኖች በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ነበር። በዚያ ፍጥነት 457 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። ዛሬ በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የሚሠሩት ባለ ሁለት ሞተር የፕሮፔለር አውሮፕላኖች በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዙ ጊዜው ወደ 46 ደቂቃ ይወርዳል። ይህ ግን በሰማይ ላይ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ እስከ መንደርደሪያው የሚጓዝበት፣ ከፍታ ለመያዝ የሚወጣበት፣ ለማረፍ ተራ የሚጠብቅበትና ፍጥነቱን ቀንሶ የሚወርድበት ጊዜ ሲጨመርበት፣ በጉዞ መርሐ ግብር ላይ የሚጻፈው ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል።

ነፋስም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢገጥመን 46ቱ ደቂቃ 50 ይሆናል፤ ከኋላ ቢገፋን ወደ 42 ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነገር አለ። ይኸውም በመሄጃው የጠፋው ጊዜ በመመለሻው ሙሉ በሙሉ አይካስም። ነፋስ በሌለበት ቀን ደርሶ መልሱ 91 ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ነፋስ ባለበት ቀን 92 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ወደ ኪሣራው ያዘነብላል። ምክንያቱም ነፋሱ በሚቃወመን ጊዜ በአየር ላይ የምንቆየው ረዘም ላለ ሰዓት ስለሆነ፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ የሚበልጥ ዕድሜ ያገኛል።

ሒሳቡን በዚህ ሁኔታ ጨርሼ፣ «በሰማይ ላይ 46 ደቂቃ፣ ከበር እስከ በር ከአንድ ሰዓት በላይ» ብዬ ጠመኔውን አስቀመጥሁ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። በወላጆች መካከል ተቀምጠው የነበሩት የልጁ አያት ግን በቀስታ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ሒሳቡስ ጥሩ ነው፤ አውሮፕላኑ የት አለ?» አሉኝ።

አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄያቸው ከእኔ መልስ የበለጠ ምሕንድስና እንዳለበት ተገነዘብሁ። በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄጄ፣ «አባቴ፣ እስቲ እርስዎ በሄዱበት መንገድ ርቀቱን ይንገሩኝ» አልኋቸው።

እርሳቸው በዘመናቸው ተሳቢ የሚጎትት ኤንትሬ ፊያት የሚነዱ ሾፌር ነበሩ። ሁለቱ ወደቦች በአንድ አገር ሥር በነበሩበት ጊዜ፣ ከምጽዋ ጭነው አሰብ መግባት ሲኖርባቸው የባሕሩን ዳርቻ ተከትለው አይሄዱም ነበር። በዳርቻው ያለው የደንከል በረሃ መንገድ አሸዋና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የበዛበት ስለ ነበር፣ ከባድ ጭነት ለያዘ መኪና አይመችም። ስለሆነም ከምጽዋ ወደ አስመራ ወጥተው፣ በአዲግራት፣ በመቀሌና በወልዲያ አድርገው ደሴን አልፈው ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ከዚያም በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ ቆላ ይገቡና በረሃውን አቋርጠው አሰብ ይደርሳሉ። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ ለወሎ ገበያ የባሕር በር ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

ይህን ጉዞ ስደምረው ወደ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። በሰማይ 457 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ወደቦች በምድር ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መንገድ የተያያዙ ነበሩ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ደግሞ፣ ከአንዱ የባሕር ዳርቻ ወደ ሌላው የሚወስደው ዋናው የመኪና መንገድ ከዚህ ከተቀመጥንበት አዳራሽ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ፣ በኮምቦልቻ በኩል ያልፍ የነበረ መሆኑ ነው። ከባሕር የራቀ ሕዝብ ነን የምንለው እኛ፣ በሁለቱ የባሕር ከተሞች መካከል ተቀምጠን ነበር።

ሽማግሌው ግን በኪሎ ሜትር አይናገሩም። «ከአሰብ ኮምቦልቻ ሁለት አዳር» ይሉኛል። ለምን አዳር እንደሚቆጥሩ ስጠይቃቸው፣ በቀን የበረሃው ሙቀት ጎማ ስለሚያፈነዳና ሞተር ስለሚያግል ጉዟቸው በሌሊት እንደ ነበር አስረዱኝ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ የአንድ መንገድ ርዝመት በሾፌሩ ዘንድ በጎማው ጥንካሬ፣ በሙቀቱና በሰዓቱ የሚለካ ነበር። እኔ በሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር አገኘሁ፤ እርሳቸው ቁጥሩን ከነሁኔታው ያውቁት ነበር።

የጥያቄያቸው ሁለተኛ ፍች ደግሞ ከመንገድም ከማሽንም የተለየ ነው። በዘመናቸው አየር መንገዱ አሰብን ከአስመራና ከአዲስ አበባ ጋር በአውሮፕላን ያገናኝ ነበር። በግንቦት ወር 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ሁለቱም ወደቦች ከድንበሩ ማዶ ሆኑ። በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ለኢትዮጵያ ዕቃ ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ወርዶ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡሬ በኩል ያለው ድንበር ሲከፈት፣ ሽማግሌው መንገዱን እንደገና ለማየት ተስፋ አድርገው ነበር፤ ይሁን እንጂ ክፍትነቱ አልዘለቀም።

እስቲ ካርታውን አንሥተን ከከሚሴ እንለካ። ከዚህ እስከ ጅቡቲ በቀጥታ መስመር 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ አሰብ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አንደኛው ግን የዕለት ዕቃችን የሚገባበት ሲሆን፣ ሌላው በሽማግሌ ትዝታ ውስጥ ብቻ የቀረ ነው። ይህን ልዩነት የፈጠረው ምድሩም ሆነ ማሽኑ አይደለም። ስለዚህ የጉዞ ጊዜ ሦስት ነገሮች ተባዝተው የሚያስገኙት ውጤት ነው እላለሁ፤ የምድሩ አቀማመጥ፣ የመጓጓዣው ዓይነትና የማለፍ ፈቃድ። ከሦስቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ፣ ሌሎቹ የቱን ያህል ቢያምሩ ጉዞ የለም።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሩቅ ወደቦች ነው። ይህን ትምህርት በገዛ ሥራዬ ውስጥ እንዴት በውድ ዋጋ እንደ ተማርሁት ሳልናገር ባልፍ ግን ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁበት ወራት፣ ለገጠር የእጅ ውኃ ፓምፖች የሚሆን መለዋወጫ የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች እንድደለድል ታዝዤ ነበር። እኔም ካርታ ዘርግቼ፣ በኮምፓስ ክብ እየሣልሁ፣ እያንዳንዱን መንደር በአቅራቢያው ላለው መጋዘን መደብሁ። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያለች አንዲት መንደር ከከሚሴ በቀጥታ መስመር 11 ኪሎ ሜትር ስለ ነበረች ለከሚሴ መጋዘን ደረሰች። በስተ ሰሜን ያለው ሌላው መጋዘን ከእርሷ 17 ኪሎ ሜትር ስለ ነበር፣ ምርጫው ግልጽ መሰለኝ። ሠንጠረዡም ጸደቀ።

የጨፋን ረግረግ የሚያውቅ ሰው የሠራሁትን ስህተት ወዲያው ያየዋል። በበጋ ጨፋ የከብት ግጦሽ ነው፤ የኦሮሞም የአፋርም አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ ይሰበሰብበታል። በክረምት ግን ቦርከና ከደጋው በሚወርደው ጎርፍ ይሞላና ሜዳው ውኃ ይሆናል። የሣልሁት ክብ በዚህ ውኃ ላይ ያለፈ መሆኑን ወረቀቱ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በሐምሌ ወር በዚያች መንደር ያለው ፓምፕ ተበላሸ። የጎደለው በእጅ መዳፍ የምትያዝ አንዲት ላስቲክ ብቻ ነበረች። ላስቲኳ ከሚሴ መጋዘን ውስጥ ነበረች። መልእክተኛው በጨፋ በኩል መሻገር አቅቶት ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሰሜኑ መጋዘን ሲሄድ ደግሞ መንደሪቱ በእርሱ ሥር ስላልተመዘገበች ዕቃው ሊሰጠው አልቻለም። ከሰሜኑ መጋዘን የሚመጣው መንገድ ክረምት ከበጋ በእግር የሚኬድበት ደረቅ ኮረብታ ነበር። ፓምፑ እስኪጠገን 23 ቀን አለፈ። ሴቶቹ ወደ ወንዝ ውኃ ተመለሱ፤ ልጆች በተቅማጥ ታመሙ።

ጥገናው በመጨረሻ ሲፈጸም እኔም ቦታው ድረስ ሄጄ ነበር። አንዲት እናት እንስራቸውን አስቀምጠው፣ «እናንተ ጨፋን በወረቀት ተሻገራችሁት፤ እኛ በእግራችን አልቻልነም» አሉኝ። ቁጣም አልነበረባቸውም። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ስህተቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነበር። ርቀቱን በትክክል ለክቼ ነበር፤ የለካሁት ርቀት ግን ማንም የማይሄድበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡን እንደገና ሠራሁት። በእያንዳንዱ መንደር ስም ትይዩ የኪሎ ሜትሩን ዓምድ ትቼ፣ «በበጋ ስንት ሰዓት» እና «በክረምት ስንት ሰዓት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አስገባሁ። ቁጥሩንም የሞላሁት መንገዱን ከሚያመላልሱት ሰዎች ጠይቄና በተቻለኝ መጠን አብሬያቸው ተጉዤ ነው። ከመንደሮቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት መጋዘናቸው ተለወጠ።

ይህ ሒሳብ ለትልልቁም መንገድ ይሠራል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 227 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በመኪና መንገድ ግን 325 ኪሎ ሜትር ነው። ከሚሴና ባቲ በአንድ ዞን ውስጥ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በካርታ ላይ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ሆኖም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ በኮምቦልቻ መዞር ስላለብን መንገዱ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የባቲን የሰኞ ገበያ ለማግኘት ከከሚሴ የሚነሣ ነጋዴ ሌሊቱ ሳይነጋ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አውሮፕላንም ቢሆን ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም። ከሚሴ የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ቅርባችን ኮምቦልቻ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ቦሌ በቀጥታ 254 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሰማይ ላይ የሚቆየው 25 ደቂቃ ብቻ ነው። መንገደኛው ግን ከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት ይጓዛል፤ ከበረራው በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ይጠብቃል፤ ለመነሣትና ለማረፍ የሚያስፈልገው ተጨምሮ በአውሮፕላኑ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ከቦሌ ከወጣ በኋላም ጉዳዩ እስካለበት ቦታ ለመድረስ ሌላ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል። ድምሩ አራት ሰዓት ተኩል ነው። በመኪና ቢሄድ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ይፈጅበታል። ፍጥነቱ ከመኪና አሥር እጥፍ የሆነ አውሮፕላን፣ ጊዜውን በግማሽ እንኳ አልቀነሰለትም። ከዚህም የተነሣ ለጉዞ ጊዜ መሻሻል ገንዘብ ሲመደብ፣ 25 ደቂቃዋን ወደ 20 ለማውረድ ከመድከም ይልቅ፣ በምድር ላይ የሚባክኑትን ሰዓታት መቀነሱ የበለጠ ፍሬ እንደሚሰጥ ግልጽ ነው።

ሦስተኛውን ነገር፣ ማለትም የማለፍ ፈቃድን፣ እኛ የዚህ አካባቢ ሰዎች በቅርቡ አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው 325 ኪሎ ሜትር አንዲት ክንድ አልጨመረም፤ አስፋልቱም እዚያው ነበር። ነገር ግን መንገዱ ተዘጋ። በዚያ ወቅት የታመመ ሰው ለነበረው ቤተሰብ፣ ርቀቱ በምንም ቁጥር የሚገለጽ አልነበረም። ሰላም ከአሸዋና ከሲሚንቶ ባልተናነሰ መንገድን የሚሠራ ዕቃ መሆኑን ያኔ ተረዳን።

እንግዲህ በመደምደሚያዬ ለሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በሪፖርታችንና በፕላናችን ላይ ርቀት በምንጽፍበት ጊዜ አራት ነገሮችን አብረን እንጻፍ። አንደኛ፣ የጻፍነው ቀጥታ መስመር ነው ወይስ የሚኬድበት መንገድ? ሁለተኛ፣ በምን የሚጓዝ ሰው ነው፤ በእግር፣ በአጋሰስ፣ በመኪና ወይስ በአውሮፕላን? ሦስተኛ፣ በየትኛው ወቅት ነው? አራተኛ፣ ቁጥሩን ያገኘነው ለክተን ነው፣ ከካርታ ወስደን ነው፣ ወይስ መንገዱን ከሚያውቀው ሰው ጠይቀን ነው? እነዚህ አራት መልሶች በአንድ መስመር ላይ የሚጻፉ ናቸው። ወጪያቸውም ቀለም ብቻ ነው። እነርሱን በመተዌ የተከፈለውን ዋጋ ግን ነግሬአችኋለሁ።

ሒሳቡን አንተው። የሉል ቀመርም፣ ዳግም ዘርም ያስፈልጉናል፤ ያ ተማሪም ሊማራቸው ይገባል። ቀጥታው መስመር ሊደረስበት የሚቻለውን አነስተኛ ርቀት የሚያሳየን ስለሆነ፣ መንገዳችን ከእርሱ ምን ያህል እንደ ራቀ እናውቅበታለን። ከአሰብ እስከ ምጽዋ 457 ኪሎ ሜትር መሆኑን ባላውቅ ኖሮ፣ 1,300ው ብዙ መሆኑን በምን አውቅ ነበር? ነገር ግን ቀጥታው መስመር የሥራችን መጀመሪያ ነው፤ ፍጻሜው አይደለም።

ያን ተማሪ በቅርቡ መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር። አሁን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ያ አውሮፕላን መጣ ወይ?» ብዬ ብቀልድበት፣ «አልመጣም፤ ግን አያቴ መንገዱን ሁሉ በየአዳሩ አጽፈውኛል» አለኝ። ደብተሩንም አሳየኝ። በአንድ በኩል የእኔ የሰሌዳ ሒሳብ፣ በሌላው በኩል የአያቱ የአዳር ቁጥር፣ የውኃ ማግኛውና ጎማ የሚቀዘቅዝበት ቦታ ሳይቀር ተጽፎበታል። ከሁለቱ ገጾች አንዱን ብቻ የሚይዝ መሐንዲስ ጎዶሎ ነው። ልጁ ሁለቱንም ይዟል።